ቤትዎ ገዢ ሲያጣ፦ ዋጋ ከመቀነስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን ለሽያጭ አውጥቶ ወራት ያለፉበት ሰው ምክር አያጣም። ደላላው «ጋሼ፣ ዋጋው ነው፤ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ» ይላል። ጎረቤት ቀለም እንዲቀቡ ይመክራል። ውጭ አገር ያለው ወንድም ደግሞ «አትቸኩል፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር ቤቱም ይጨምራል» እያለ በስልክ ያጽናናል። ሦስቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ግን ሦስቱም መድኃኒት የሚያዙት በሽተኛውን ሳያዩ ነው።

ስለዚህ አንድ ብር ከመቀነስዎ ወይም አንድ ባልዲ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያጣሩ፤ ገዢው የሚቀረው የቱ ጋ ነው? ጭራሽ ደዋይ ከሌለ ችግሩ ዋጋው ወይም ማስታወቂያው ነው። ደውሎ «የት አካባቢ ነው?» ካለ በኋላ የሚዘጋው ከበዛ ሰፈሩ፣ መንገዱ ወይም ስለ ልማት የሚወራው ወሬ ነው። መጥቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ «እንደዋወላለን» ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ያልወደደው ነገር አለ። በዋጋ ተስማምቶ፣ የካርታውን ኮፒ ይዞ ከሄደ በኋላ ስልክ የማያነሳ ከሆነ ግን ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ከመጨረሻው የምጀምረው ብዙ ሻጭ የማይጠረጥረው እሱን ስለሆነ ነው። ሰው ሃያ ዓመት የኖረበትን ቤት ካርታ «አለ» ብሎ ነው የሚያስበው እንጂ ከሣጥን አውጥቶ አያነበውም።

ወረቀቱን ገዢው ሳያየው እርስዎ ይዩት

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚሸጡት ቤቱን ነው፤ በቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። እንዴት እንደሚሄድ ነው ጉዳዩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ይደነግጋል። እርስዎ እስካሁን በነባር ይዞታ የቦታ ኪራይ ነው የሚከፍሉት፤ ገዢውን ግን የሊዝ ክፍያ ይጠብቀዋል። የሚያውቅ ገዢ ይህን ወጪ አስልቶ፣ ከሚሰጥዎ ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው የሚመጣው። «ከጎኔ ያለው እንዲህ ተሽጧል» ብለው ሲከራከሩ የጎንዎ ቤት የሊዝ ይዞታ፣ የእርስዎ ደግሞ ነባር ሊሆን ይችላል። ግንቡ ቢመሳሰል ዋጋው የግድ አይመሳሰልም።

ካርታው በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ያለ ቤት አሁንም በየሰፈሩ ሞልቷል። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሳይወጣ፣ ስሙም ወደ ወራሾች ሳይዞር ገዢ መጥራት ትርፉ ድካም ነው። ከስድስት ልጆች አምስቱ ተስማምተው አንዷ ዋሽንግተን ሆና «እስኪ አስቤበት» ካለች ሽያጩ እዚያው ቆመ ማለት ነው። ገዢ የቤተሰብ ጉባኤ የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም፤ ብሩን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ትዳር ላይ ካሉ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። የገዢ ጠበቃ «ባለቤትዎም ይመጣሉ አይደል?» ብሎ የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። የተፋቱ ከሆነም የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ከካርታው ጋር ያስቀምጡ፤ መጠየቁ አይቀርም።

ቤቱን በውክልና የሚሸጡም ብዙ ናቸው፤ ልጅ ዱባይ ወይም ቶሮንቶ ሆኖ እናቱ አዲስ አበባ ትሸጥለታለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ውክልናው ላይ «ቤቱን እንድትሸጥ፣ ውል እንድትፈርም፣ ገንዘብ እንድትቀበል» የሚል ቃል መኖሩን ገዢ ከመምጣቱ በፊት ያንብቡ። ከሌለ ሌላ ውክልና ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ አሠርቶ፣ አዲስ አበባ አስረጋግጦ ማምጣት ጊዜ ይበላል። በዚያ መሃል ገዢው ይቀዘቅዛል።

ባንክ አስይዘውት የነበረ ቤት ከሆነ ብድሩን መጨረስዎ ብቻ አይበቃም፤ እገዳው ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ላይ መነሳቱን ሄደው ይጠይቁ። ብድሩን ጨርሶ ዕፎይ ያለ ሰው ከባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ መውሰድ ይረሳል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቦታ ኪራይ ወይም የሊዝ ውዝፍም እንዲሁ አስቀድሞ ይጽዳ።

ስለ ስፋቱ ደግሞ በምሳሌ ልናገር። ካርታው 250 ካሬ ይላል እንበል። አጥሩ ግን ባለፉት ዓመታት ወደ ኋላ ወደ ገደሉ ትንሽ ገፋ ብሏል፤ ሰርቪሱ ያረፈውም እዚያው ላይ ነው። ሻጩ «በካርታ 250 ነው፣ በመሬት ላይ ግን 280 ታገኛለህ» እያለ 30ውን ካሬ እንደ ምርቃት ያቀርበዋል። ገዢው መሐንዲስ ይዞ መጥቶ ሜትር ይዘረጋል። ጥጉ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ፤ መሐንዲሱ በካርታው ጀርባ ቁጥር ይጽፋል። ለሻጩ ምርቃት የነበረው ለገዢው ከካርታ ውጭ የሆነ፣ ነገ «አፍርስ» ሊባል የሚችል ግንብ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ደብቆ ማለፍ አይቻልም፤ ስም ሲዞር ልኬት አለ። ወይ አስቀድመው በደንቡ መሠረት ያስተካክሉ፣ ወይ ዋጋውን በካርታው ልክ ብቻ ያስሉ።

ኮንዶሚኒየም ሻጮች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው። በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ገደብ አለው። ገደቡ ሳያልቅ በውክልናና በብድር ውል ተሸፋፍኖ የሚደረገው «ሽያጭ» የታወቀ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያስከትለው ጣጣም የታወቀ ነው። ጥሩ ገዢ እንዲህ ያለውን ቤት አይነካም። የሚነካው ሰው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ነው የሚመጣው። ጊዜው እስኪደርስ ማከራየት ይሻላል።

በግንባታ ላይ ያለ የሊዝ ቦታ የሚሸጡ ከሆነም የሊዝ አዋጁን ይመልከቱ፤ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ለሚተላለፍ ይዞታ ሻጩ ከቦታው ሊያገኝ የሚችለውን ጥቅም ይገድባል።

«ልማት ይነካዋል?»

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከካሬው ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ የሆነውን ሁሉም አይቷል። ጥያቄውን «እዚህ ምንም አይመጣም፤ እኔ አለሁ» ብሎ መመለስ ገዢን አያረጋጋም። እንዲያውም ያስበረግጋል።

የሚያረጋጋው ወረቀት ነው። ወደ ክፍለ ከተማዎ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይዞታዎ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ በፊቱ የታቀደው መንገድ ስንት ሜትር እንደሆነና አጥርዎን ይነካ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ቤትዎን ከጎረቤቱ የሚለይ ትልቅ ነገር አገኙ። መጥፎ ከሆነም ማወቅዎ ይጠቅማል፤ መንገድ የሚወስደው ቤት ላይ ወለል ማስነጠፍ ብር መበተን ነው።

ዋጋው፤ ጎረቤት የጠራውና የተከፈለው

ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ሲሸጥ ሦስት ዋጋ ይኖረዋል፤ የተጠራው፣ ውል ላይ የተጻፈውና እውነት የተከፈለው። ሻጩ ለዘመድ አንዱን፣ ለግብር ሌላውን ይናገራል። ደላላው ቀጣዩን ሻጭ ለማማለል ከፍ ያደርገዋል። እርስዎ ጆሮ የደረሰው «30 ሚሊዮን» ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ የተጠራው ነው። በተጠራ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ መጥራት ደግሞ የሁሉም ልማድ ስለሆነ ሰፈሩ በወሬ ብቻ ውድ ይሆናል፤ ቤቶቹ ግን ይቀመጣሉ።

ማጣራት የሚሹ ከሆነ እንደ ገዢ ይጠይቁ። የሚታመን ዘመድ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ደላሎች ደውሎ የእርስዎን የመሰለ ቤት ይፈልግ። የሚያመጡለትን ቤቶች ዋጋ፣ በተለይም «ቁርጡ ስንት ነው?» ሲል የሚወርዱበትን ይጻፍ። የቁርጡ ዋጋ ነው ገበያው። የባንክ መሐንዲስ ግምትም አንድ መለኪያ ነው፤ ግን ለመያዣ ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ከገበያው ዝቅ ብሎ ቢያዩት አይደንግጡ።

ገዢው ለምን እንደሳሳም ይረዱ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበው። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ «ባንክ ያበድረኛል» ብሎ ቤት ሲያይ የነበረው ነጋዴ ያን ጊዜ ከሰልፉ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ሻጩ ቤቱን በዶላር ማሰብ ጀመረ፤ የገዢው ገቢ ግን በብር እንደቀረ ነው። በዚህ ላይ የሪል ስቴት ድርጅቶች በቅድሚያ ክፍያና በየጊዜው በሚከፈል ቀሪ አፓርታማ ያቀርባሉ። ሦስትና አራት ሚሊዮን ብር በእጁ ያለው ሰው የእርስዎን ቪላ በአንድ ጊዜ ሊከፍል አይችልም፤ እዚያ ግን ውል ይፈርማል። ተወዳዳሪዎ ጎረቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

«ብሩን ምን ላድርገው?» የሚለው የሻጭ ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ ብር በባንክ ተቀምጦ አቅሙን ይዞ አይቆይም። ግን መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ሸጠው ሌላ ቤት የሚገዙ ከሆነ የሚያሳስብዎ የሽያጩ ዋጋ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ቤትዎን በ20 ሚሊዮን ሸጠው የ30 ሚሊዮን ቤት ሊገዙ አስበው ነበር እንበል፤ ከኪስ 10 ሚሊዮን ይጨምራሉ። ገበያው አሥር በመቶ ቢወርድ በ18 ሸጠው በ27 ይገዛሉ፤ የሚጨምሩት 9 ሚሊዮን ነው። ወደ ትልቅ ቤት የሚሄድ ሰው በወረደ ገበያ ይጠቀማል፤ «በ18 አልሰጥም» ብሎ ዓመት መጠበቁ ራሱን ይጎዳዋል። ወደ ትንሽ ቤት ለሚወርድ ወይም ገንዘቡን ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት ለሚፈልግ ሰው ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው።

መጠበቅም ዋጋ አለው። 20 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ እንኳ በዓመት 1.4 ሚሊዮን ብር ያስገኛል። ባዶ ቤት ይዘው ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ብር ዓመት የሚጠብቁ ከሆነ፣ ዘበኛውንና ግብሩን ሳይቆጥሩ ከስረዋል። ተከራይቶ ጥሩ ገቢ የሚያስገባ ቤት ከሆነ ግን መጠበቁ ሊያዋጣ ይችላል።

ለመቀነስ ከወሰኑ አንዴ፣ በሚታይ መጠን ይቀንሱ። በየወሩ መቶ ሺህ ብር እየቆነጠሩ መውረድ «ቆይ፣ ገና ይወርዳል» ብሎ የሚጠብቅ ገዢ ነው የሚያፈራው።

ደላላ ሲበዛ

ቤቱን ለአሥር ደላላ መስጠት አሥር እጥፍ ገዢ የሚያመጣ ይመስላል። የሚሆነው ሌላ ነው። አንዱ በቴሌግራም 22 ሚሊዮን ብሎ ይለጥፈዋል፣ ሌላው የራሱን ጭኖ 25 ይላል፣ ሦስተኛው ከሦስት ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ አግኝቶ በቲክቶክ ያዞረዋል። ገዢ ደግሞ ዛሬ ሁሉንም ያያል። አንድ ቤት በሦስት ዋጋ ሲያገኝ ወይ ባለቤቱ አይታወቅም ብሎ ይጠረጥራል፣ ወይ ዝቅተኛውን ይዞ ከዚያ በታች ይደራደራል። እኔ ብሆን ሁለት ወይም ሦስት ደላላ እመርጥና ለሁሉም አንድ ዋጋ፣ በቀን ብርሃን የተነሳ አንድ ዓይነት ፎቶ እሰጣለሁ። ኮሚሽኑም ከሁለቱም ወገን ይሁን ከአንዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሁለት በመቶ ይሁን ያነሰ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይለቅ። በመጨረሻው ቀን በኮሚሽን ጠብ የፈረሰ ሽያጭ ጥቂት አይደለም።

ገዢው ቤት ውስጥ ምን ያያል?

ልምድ ያለው ገዢ ሳሎኑን አያደንቅም። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ይከፍታል። ውሃ ካለ «በሳምንት ስንቴ ትመጣለች?» ይላል፤ ከሌለ ቀና ብሎ ሮቶውን ይፈልጋል። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ጥግ ጥጉን ያያል። ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ ጣሪያው እንደሚያፈስ ያውቃል፤ አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ የባሰ ነገር እንደተሸፈነ ይጠረጥራል። ከዚያ ቆጣሪው፤ የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የጋራ? ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ መኪና የሚዞርበትን ቦታ በዓይኑ ይለካል። አንዳንዱ ሳይነግርዎ ማታ ተመልሶ መጠጥ ቤት በቅርብ እንዳለ፣ ውሻ እንደሚበዛ፣ መብራቱ እንዴት እንደሆነ ያያል።

ስለዚህ ብር የሚወጣ ከሆነ ለጣሪያው፣ ለቧንቧው፣ ለፍሳሹ ይውጣ። አዲስ የወጥ ቤት ካቢኔ፣ የጂብሰም ጌጥ፣ ውድ ሴራሚክ ገዢው በራሱ ምርጫ የሚቀይረው ነገር ነው፤ ያወጡበትን አይመልስልዎትም። በክረምት ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት ጭቃውንም ፍሳሹንም ያሳያል፤ ማፍሰሱን ያልጠገነ ሰው ቢያንስ መስከረምን ይጠብቅ።

ተከራይ ካለ ቀድመው ይነጋገሩ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ ገዢው «መቼ ነው የምገባው?» ሲል የሚመልሱለት ቀን ሊኖርዎ ይገባል። ያኮረፈ ተከራይ ቤት ሲያሳይም ከማንም በላይ ይጎዳል፤ «ውሃ የላትም» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ የሚያምነው ብዙ ነው።

ገዢ ሲገኝ የሚረሳው

ረጅም ጊዜ የጠበቀ ሻጭ የመጀመሪያውን ቀብድ በደስታ ይቀበላል፤ በሳምንቱ የተሻለ ገዢ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ሐሳቡን ከለወጠ እጥፉን ይመልሳል፤ የሰጠው ወገን ከተወ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት ዋጋው ቁርጥ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። ቀን የሌለው ቀብድ ቤትዎን ከገበያ አስወጥቶ ያስቀምጠዋል።

ግብርንም ከዋጋው ጋር አብረው ያስሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ይጥላል። የኖሩበት መኖሪያ ቤት ነጻ የሚሆንበትን ሁኔታና አሁን የሚሠራበትን ስሌት ግብር ቢሮ ሄደው ይጠይቁ፤ ማስረጃውም ቀድሞ ይዘጋጅ። የስም ማዛወሪያውንና አሹራውን ማን እንደሚከፍልም ውሉ ይናገር።

ውሉ ላይ «ትንሽ ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚል ሐሳብ ከገዢው ወይም ከደላላው መምጣቱ የተለመደ ነው። አይቀበሉ። በ18 ሚሊዮን ተሽጦ 9 ተብሎ በተጻፈ ውል ላይ ገዢው ቀሪውን ቢያስቀርብዎ በእጅዎ የሚቀረው ማስረጃ የዘጠኙ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ካልተመዘገበ ሕጉ አያውቀውም፤ በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ውልና ማስረጃ ሄዶ የሚፈረመውን አይተካም። ገንዘቡን በሲፒኦ ወይም በቀጥታ ዝውውር ይቀበሉ፤ ሲፒኦ ከሆነ ያወጣው ባንክ ዘንድ እውነተኛነቱን ከፊርማው በፊት ያረጋግጡ። ቁልፉና ዋናው ካርታ እስከዚያ እርስዎ ጋ ይቆዩ።